ጨፌ የጠጣችው ዘይት

ባለፈው ሰሞን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ዳገት ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከአንዲት አሮጌ ፒካፕ ኋላ ገብቶ መውጫ አጣ። ፒካፗ ዳገቱን እየለመነች ነው የምትወጣው፤ ከጭስ ማውጫዋ የሚንቦለቦለው ደግሞ ጥቁርም ነጭም ሳይሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ወፈር ያለ፣ ልብስ ላይ ካረፈ በሳሙና የማይለቅ ዓይነት ጭስ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ በሻሹና በእጁ አፍንጫውን ሸፍኖ መስኮት ይዘጋ እያለ ሲንጫጫ እኔ የራሴን ከፈትኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ አልፈርድበትም፣ የደህና ሰው ሥራ አይደለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ለሌላው ሰው ሳል ነው። ለእኔ ግን ከሚሴ ነው፤ የአባቴ ሸሚዝ ነው፤ እማዬ አጥባ ካሰጣችው በኋላ ገመድ ላይ እንዳለ ተመልሶ የሚሸተው የአልጋ ልብስ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታላቅ እህቴ ሉባባ ናት።

አባቴ እንድሪስ በዘጠናዎቹ ዓመታት ከሚሴ ላይ የራሳቸው መኪና ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ይህን ስል ሀብታም ነበር ማለቴ አይደለም፤ መኪናዋን ያየ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም። ከኋላዋ ሸራ የለበሰች፣ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ የተገጠመላት፣ አንደኛው በሯ በሽቦ የሚታሰር አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ቀለሟ አረንጓዴ ስለነበር አባዬ "ጨፌ" ይላታል፣ በቦርከና ዳር ሣሩ በበጋም ሳይደርቅ እንደሚከርመው መስክ። እሁድ የሰንበቴን፣ ሰኞ የባቲን ገበያተኛ ትጭናለች፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ የመጣ ሰው የጠየቀውን ሁሉ ትጭናለች፦ ማሽላ፣ ሙሽራ፣ ቆርቆሮ፣ ወላድ፣ ፍየል፣ ሬሳ። እኔ ልጅ ሆኜ መኪና የሚባለው ነገር በሙሉ ፍየል ፍየል የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ከሰው ጋር ሲጫወት ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እያደረገ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ግን እምቢ ማለት አይችልም። እማዬ ስትቀልድበት፣ አይሆንም የሚለውን ቃል እናቱ ሳታስተምረው ነው የሞተችው ትል ነበር። ሰው በራችን ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ሲያደርግ አባዬ ጉዳዩን ከመስማቱ በፊት ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ያነሳል። ታማሚ አድርሶ ሂሳብ አይቀበልም፤ ለቀብር ሄዶ ሂሳብ አይቀበልም፤ ሙሽራ የጫነ እንደሆነም "ልጃችን አይደለችም ወይ" ብሎ ይተወዋል። የገበያ ቀን ባይኖር ኖሮ ምርቃት እየበላን ነበር የምናድረው።

ጨፌ ዘይት መጠጣት የጀመረችው እኔ ገና ፊደል ስለይ ነው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። አባዬ ጠዋት ከሶላት መልስ ኮፈኗን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዝዛል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ከትቶ ያወጣል፣ ከዚያ ዘንጉን ወደ ብርሃን ዘርግቶ "ሱብሃን አላህ" ይላል። ትናንት የሞላው ዘይት ጎድሏል። መሬት ላይ ጠብታ የለም፤ የትም አልፈሰሰም። ልክ ጓዳ የገባ ቅቤ ድመት ሳይታይ እንደሚያልቀው፣ ዘይቱ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየተቃጠለ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ ነበር።

በዚያን ሰሞን ከከሚሴ አጠገብ ካለው የጨፋ ሜዳ አንድ ገበሬ፣ ሚስቱን አባዬ ሐኪም ቤት አድርሶለት በሰላም የተገላገለችለት ሰው፣ ሂሳቡን ሊከፍል መጣ። አባዬ እንደ ልማዱ አልቀበልም አለ። ገበሬው ውለታው ከብዶት በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ አባዬ ራሱን እየነቀነቀ ለጨፌ ዘይት ሲጨምርላት አየ። በሚቀጥለው ገበያ ከጋቢው ስር አንድ ቆርቆሮ የሞተር ዘይት አውጥቶ፣ ለአንተ አይደለም ለሷ ነው አለው። አባዬ ምን ይበል? ወተት ይዞ በመጣ ሰው ፊት ወተቱን ሳይቀምሱ ማስቀመጥ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ዘይቱንም አባዬ እንደ ወተቱ ቆጠረው። እዚያው ሰውዬው እያየ ኮፈኑን ከፈተና "ቢስሚላህ" ብሎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንቆረቆረው። ገበሬው ሁለት እጁን ዘርግቶ "ረቢን ሲፍ ሃ ኬኑ" ብሎ መረቀው፣ አላህ ይስጥህ ማለቱ ነው፣ እኛም ደርደር ብለን "አሚን" አልን።

ወሬው አገር ለአገር ተዳረሰ። ለዱዓ ስኳርና ጫት ተይዞ እንደሚኬድ ሁሉ ወደ አያ እንድሪስ ቤት ዘይት ተይዞ ይኬዳል ተባለ። ሂሳብ የማይቀበለውን ሰው የሚክሱበት መንገድ በመገኘቱ ሕዝቡ ሁሉ ደስ አለው፤ ደስታው ደግሞ ዓይነት አይመርጥም። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ቅራሪ ዘይት ይመጣል፤ ለትራክተር የሚሆን እንደ ማር የወፈረ ይመጣል፤ ለሞተር ብስክሌት የሚሆን ቀጭን ይመጣል፤ ከወፍጮ ቤት የተቀዳ፣ አንድ ጊዜ ሠርቶ የጠቆረ ዘይት በላስቲክ ኮዳ ይመጣል። አባዬ ሁሉንም ሰጪው እያየ ይጨምራል፣ ሰጪው ይመርቃል፣ እኛ አሚን እንላለን። አንዲት ባልቴት የሰሊጥ ዘይት ይዘው መጥተው ሁላችንም ስንተያይ አባዬ ለበረካ ብሎ በማንኪያ ጠብ አደረገላትና የቀረውን ለእማዬ ሰጣት። ያን ሰሞን ወጣችን ጣፈጠ፤ የጨፌ ጭስ ደግሞ ቆሎ ቆሎ ሸተተ፣ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኔ ጨዋታ ነው። ለሉባባ ግን ጨዋታ አልነበረም። ሉባባ ያን ጊዜ አስረኛ ክፍል ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ልጅ። ከክፍሏ ልጃገረዶች እያንዳንዱ ክረምት ጥቂቱን ይዞ ይሄድ ነበር። መስከረም ላይ ወንበራቸው ባዶ ይሆንና ዐረብ አገር ሄዱ ይባላል። ደላላው እኛም ቤት መጥቶ እማዬን ስለ ሉባባ ሊያነጋግራት ሞክሮ ነበር፤ እማዬ መጥረጊያ ይዛ ነው እስከ መንገዱ የሸኘችው። ጨፌ እስከሠራች ድረስ ልጄ የትም አትሄድም፣ መምህርት ትሆናለች አለችው። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሉባባ ዕጣ ከዚያች ከምታጨስ መኪና ጋር አብሮ የታሰረ መሆኑን ከእኔ ከታናሿ ጀምሮ ሁሉም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ሉባባ ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ከመያዟ በፊት ሄዳ የዘይት መለኪያውን የምታየው።

በጥቅምት መጨረሻ አባዬ ጨፌን ኮምቦልቻ ወስዶ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ አሳያት። እኔና ሉባባ አብረን ሄድን። ሽማግሌው ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ደግኖ አዳመጠ፣ ጭሱን በመዳፉ ተቀብሎ አሸተተ፣ ከዚያ ዘይቱን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አድርጎ ሳቀ። ይህን ወጥ ማነው የሠራው ብሎ ጠየቀ። አባዬ የስጦታውን ነገር ሲነግረው ሳቁን አቆመ። ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ እሱ ፋሻ ነው የሚላቸው፣ ተበልተዋል፤ ዘይቱ በነሱ በኩል ሾልኮ ይቃጠላል። ግን የምታጨሰው ስለታመመች ብቻ አይደለም፣ ከልክ በላይ ስለምትሞላትም ነው፤ ዘይት ሲጎድላት እንደምትጎዳው ሲበዛባትም ትጎዳለች፣ የማይዋደደውን ዘይት ማደባለቁ ደግሞ ውስጧን እያነቀው ነው አለ። አሁን ሞተሯ ከተከፈተ ትድናለች፤ ፋሻውንም ሲቸግር ሲቸግር እኔ ጋ አላጣም፤ እንዲሁ እየነዳሃት ከቆየህ ግን የምንከፍተው ነገር አናገኝም። ለጥቂት ሳምንታት ተዋትና ሂድ አለው።

አባዬ እሺ አለ። እሺ ማለት መቼ ያቅተዋል። ግን በዚያው ዕለት ከሚሴ የሚመለስ ታማሚ ስለነበር ዛሬ ላድርሰውና እመልሳታለሁ ብሎ ይዟት ተመለሰ። ከዚያ ረመዳን ገባ፤ ሰው ከየገጠሩ እየመጣ ዘመድ ይጠይቃል፣ እንዴት ይቁም? ረመዳን ይውጣ አለ። ረመዳን ሲወጣ የጨፋ ማሽላ ደርሶ ነበር፤ ማሽላው ይግባ አለ። ማሽላው ሲገባ ሰርግ ሆነ፤ ሙሽሮቹ ሁሉ ቀኑን የቆረጡት ጨፌን ተማምነው ነው። ሰርጉ ይለፍ አለ። ሰርጉ ሲያልፍ መውሊድ ቀረበ። ጨፌ እየደከመች ስትሄድ የሚያመጡላት ዘይት እየበዛ ሄደ፤ አዘኑላታ። ሉባባ በየጊዜው መቼ ነው የምትወስዳት ብላ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ከልቡ ቀን ይቆርጥላታል። ሊያታልላት ብሎ አልነበረም። ሌላ ሰው በሩ ላይ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ቃሉ ቃል ነበር።

መውሊዱ ሊደርስ ሲል አዴ ከድጃ የሚባሉ የሰፈራችን ሴትዮ፣ በስንት ልመና ከወፍጮ ቤት ያገኙትን ጥቁር ዘይት በኮዳ ይዘው መጡ። አባዬ ጓሮ ነበርና በሩን የከፈተችው ሉባባ ናት። ኮዳውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፣ ከዚያ በጣም በቀስታ መልሳ ዘረጋችላቸው። መኪናዋ ታማለች፣ ይህ ዘይት ይገድላታል፣ ስለ አላህ ብለው መልሰው ይውሰዱት አለቻቸው። አዴ ከድጃ ኮዳውን አልተቀበሉም። ፊታቸው ሲከስም እስከ ዛሬ ይታየኛል።

"ባዶ እጄን አልመጣሁ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "እጄ የያዘውን እንደያዘ ትመልሺኛለሽ?"

አባዬ ከጓሮ ሲወጣ ነገሩ ገባው። ኮዳውን ከሉባባ እጅ ወሰደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቢስሚላህ አለ። ዘይቱ ሲወርድ ጉልጉል የሚል ድምፅ ነበረው። አዴ ከድጃ መረቁ፤ እኔ ከልማድ አሚን አልኩ፤ ሉባባ አሚን አላለችም። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ አባዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሊቆጣትም ሊያባብላትም ያልፈለገ በሚመስል ድምፅ ተናገራት።

"መኪና ቢሞት ብረት ነው፣ ልጄ። የሰው ፊት ከጠቆረ ግን የትኛው ጋራዥ ያበራዋል?"

"መኪናዋ ስትሞት ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው አለ፣ አባ" አለችው ሉባባ። "እኔ ነኝ።"

አባዬ እጁን መጥረጉን ቀጠለ። እጁ ከጸዳ ቆይቷል። መውሊዱ ይለፍና ኢንሻ አላህ እወስዳታለሁ አለ፤ ወላሂ፣ እንደሚወስዳት እኔም አምኜዋለሁ።

ጨፌ የሞተችው በክረምቱ መግቢያ፣ ትምህርት በተዘጋ በሳምንቱ ሰኞ ነው። ከባቲ ገበያ እየተመለስን ነበር፤ እኔ ከፊት በአባዬና በአንዲት ጨው ነጋዴ መካከል ተጣብቄያለሁ፣ ከኋላ ሰውና ፍየል ተቀላቅሎ ሞልቷል። ባቲ ላይ ሁለት የድሮ ተሳፋሪዎች ዘይት ይዘው ጠብቀውት ሁለቱም ፊታቸው አስጨምረውት ነበር። የጨፋ ሜዳ ላይ ስንደርስ ጭሱ ከኋላችን መንገዱን ሸፈነው፤ ከሆዷ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ አባዬ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ድምፁ አንዴ ጠንከር ብሎ ቋ አለና ጨፌ በገዛ ክብደቷ ትንሽ ተንሸራታ ቆመች። በዙሪያችን መስኩ አረንጓዴ ነው፣ ከብቱ ይግጣል፣ ቦርከና ሞልቶ ይሰማል። አባዬ መሪውን እንደያዘ ቁጭ አለ። ቁልፉን ለማዞር እንኳ አልሞከረም።

ከኋላ የወረዱት ሰዎች አንዳቸውም ሌላ መኪና አልፈለጉም። ገበሬው ዱላውን፣ ነጋዴው ጆንያውን ጥሎ ከኋላዋ ተሰለፈና "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያለ ይገፋት ጀመር። ከየማሳው የሚያዩን እየሮጡ መጥተው ተጨመሩ። ከከሚሴ ዳር ስንደርስ ሰልፉ ስለረዘመ፣ የከተማው ሰው ትልቅ ሰው ሞቶ ሬሳ የመጣ መስሎት ሱቁን እየዘጋ ወጣ። ጨፌ በሕይወቷ እንደዚያ ተከብራ አታውቅም። እኔ በኩራት አንገቴን ቀና አድርጌ ስቀመጥ አባዬ መሪውን እያዞረ ያለቅስ ነበር። ግቢያችን በር ላይ ሉባባ ቆማለች። ገና ከሩቅ ስታየን ሻሿን አስተካከለች፣ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ከዚያ እንግዳ እንደሚያስገባ ሰው ጥግ ያዘችልን።

ሽማግሌው መካኒክ ከኮምቦልቻ መጥቶ ሞተሯን ፈታ። ፒስተኖቹ ተፋፍቀዋል፣ ፋሻዎቹ ተሰባብረዋል፤ የሷ ዕድሜ መኪና የሚሆን ፒስተን ደግሞ አገር ውስጥ የለም፣ ምናልባት ዐረብ አገር ብሎ ሄደ። የከሚሴ ሰው ግን አልተወንም። ለተዕዝያ፣ ልቅሶ ሊደርስ እንደሚመጣ፣ ተራ በተራ እየመጣ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ ተቀመጠ፤ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነውና የመጣው ሁሉ ዘይት ይዞ መጣ። አንዳንዱ ቀድሞ ያመጣው ጥሩ አለመሆኑን ሰምቶ፣ በሥራው ተጸጽቶ፣ ያልተከፈተ የታሸገ ቆርቆሮ ነበር የያዘው። በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ንጹሕ ዘይት ጠጥታ አታውቅም። ቆርቆሮው በግድግዳው ጥግ ተደረደረ። እማዬ ለዓመታት የበር ማጠፊያ ስትቀባበት ኖረች፤ ሰፈራችን ውስጥ እንደኛ ቤት ድምፅ ሳያሰማ የሚከፈት በር አልነበረም።

የሉባባ የፈተና ውጤት የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አልፋለች፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ወረቀቱን ለእማዬ አሳየቻት፣ እማዬ ሳመችውና መልሳ ሰጠቻት። ቤቱ ውስጥ ከዚያ ክረምት በፊት የማላውቀው ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ገበያ የማይኬድበት እሁድና ሰኞ ዝምታ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ ደጃፉ ላይ መደብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሉባባ ፊቱ መጥታ ተንበረከከች።

"አባ፣ ፍቀድልኝና ልሂድ" አለችው። የት እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። እማዬ ከውስጥ ጤፍ ማበጠሯን አቆመች። እኔ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ማንንም ሲያስጠብቅ አይቼው አላውቅም፤ ሉባባም ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሳችም፣ አንድ ነገር ከአፉ እንደምትጠብቅ ሆና። በመጨረሻ "እሺ ልጄ፣ አላህ ይከተልሽ" አለ። ትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጉልበቱን ስማ ተነሳች። ልጅ ነበርኩና የፈለገችው የተሰጣት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጅዳ ከገባች ዓመት አለፍ ሲል፣ ከዚያው የተመለሰች አንዲት የከሚሴ ሴት በጥቁር አባያ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ አመጣችልን። ስንፈታው ፒስተን ነው፤ ከነፋሻው፣ ከነማሸጊያው፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሸት። ጨፌ ስትነሳ እኔም እመጣለሁ ብላ ልካለች። እማዬ ፒስተኖቹን አንድ በአንድ ሳመቻቸው። አባዬ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጣቸው፤ ማክሰኞ ኮምቦልቻ ሄዶ መካኒኩን ሊያመጣ ተስማማ።

ሰኞ ከሰዓት ሙሔ መጣ። ሙሔ የባቲ ሹፌር ነው፤ መኪናው የጨፌ እህት ናት፣ ያው ዓይነት፣ ያው ዘመን። በራችን ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ምንም አልጠየቀም፤ ወሬ ሰምቶ እንኳ የመጣ አይመስለኝም፤ ሊያለቅስ ብቻ ነው የመጣው። ሞተሩ ተበልቶ ቆሟል፣ ልጆቹ ትናንሽ ናቸው፣ ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ ናት፣ ዕቃው የትም የለም። አባዬ ሲሰማው ቆየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን ጥቅል ከነአባያው አወረደ፣ እስክታገኝ ድረስ ውሰደው ብሎ ክንዱ ላይ አስቀመጠለት። ሙሔ ደንግጦ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል አባዬ ትከሻውን ይዞ አቀናው። እማዬ ሰውዬው እስኪወጣ ጠብቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

"የሰጠኸው ብረት አይደለም፣ እንድሪስ።"

ከዚያ እስከ ዐረፋ ድረስ አላናገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። ሙሔ ምትክ ፈልጎ አላገኘም፤ ሰውዬው ውሸታም አልነበረም፣ ዕቃው ነው የጠፋው። አባዬን ባየው ቁጥር ከመኪናው ወርዶ ትከሻውን ይስመዋል።

ሉባባ ዓርብ ዓርብ ጎረቤታችን ሱቅ ባለው ስልክ ትደውላለች። አባዬ መዋሸት ያስፈራው ነበር፤ ስለዚህ ሐሙስ ማታ ሳይመሽ ወደ መናኸሪያ ወርዶ ሙሔን ያገኝና ያ ሞተር በሳምንቱ የት የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጫነ ይጠይቀዋል። ዓርብ ሉባባ ሞተሩ እንዴት ነው ስትለው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ጭስ የሚባል የለውም፣ ሰኞ ባቲ ነው የዋለው፣ ማክሰኞ ሙሽራ ጫነ ይላታል። እሷም ከወዲያ ማዶ ትስቃለች፤ ማን ነበረች ሙሽራዋ፣ ሂሳብ ተቀበልክ ወይ ትለዋለች። በስልኩ ሳቋ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ ይመጣል፦ እንግዲህ መኪናዋ ከተነሳች ልምጣ ወይ? አባዬ እዚህ ላይ ይጠፋበታል። ነይ ቢላት መጥታ የቆመችውን ጨፌን ታያለች፤ አትምጪ ማለት ደግሞ ከየት ያመጣዋል። "እንደወደድሽ ልጄ" ይላታል። ይህን ቃል ከሩቅ አገር የሚሰማ ሰው ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ያን ጊዜ አላሰበም። ቆይታ ቆይታ መጠየቁን ተወችው።

የመጣችው እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝኩበት ዓመት ነው፣ ለማንም ሳትነግር። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ከሚሴ፣ ከሚሴ እያለ በሚጠራ መኪና። ሹፌሩ፣ ያው ሙሔ፣ ሻንጣዋን ሲጭን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። የአያ እንድሪስ ስትለው ሙሔ መኪናውን ትቶ ቆመ፤ ከፊት የተቀመጠውን ሰው አስነስቶ እሷን አስቀመጣት፤ ሂሳብ አልቀበልም አለ። መንገዱን ሙሉ፣ ይህ ሞተር የአባትሽ ነው፣ ልጆቼን ያሳደገው እሱ ነው፣ አላህ ዕድሜውን ያርዝምልኝ እያለ ሲያመሰግን፣ የጨፋን ሜዳ በዚያ ሞተር ድምፅ እየሰማች አቋረጠችው። ይህን በኋላ የነገረን ራሱ ሙሔ ነው። እሷ ምን አለች ስንለው፣ መስኩን ታይ ነበር አለን።

ግቢ ስትገባ ጨፌ ዱባ ወጥቶባት፣ ሸራዋ ስር ዶሮ ታቅፎባት ቆማለች። አባዬ ከቤት ወጥቶ ሲያያት መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ አቅፏት ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ ጨፌ ላይ አረፈ። ልጄ ሞተሩ እኮ ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው።

"ደህና ነው፣ አባ" አለችው። "ጭስ የለውም። በሱ ነው የመጣሁት።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ለሁላችንም ልብስ አምጥታ ነበር፤ አካፈለችን፣ ከእማዬ ጋር ጓዳ ገብታ ሳቀች፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀች፣ አዴ ከድጃ ቤት ሄዳ ግማሽ ቀን ዋለች። ግን ስትቀመጥ እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፤ የቤታችን ሰፌድ የት እንደሚሰቀል ረስታ ስትጠይቀኝ ሁለታችንም አፈርን። ለእማዬ ቀስ ብላ የነገረቻት ተመልሳ እንደምትሄድ ነው። እዚያ የለመደችው ሥራ አለ፣ የሚጠይቃትም ሰው አለ፣ ኑሮዋ እዚያ ሆኗል።

የምትሄድ ዕለት ሙሔ ራሱ ሊወስዳት መጣ። ሻንጣዋ ተጫነ፣ እማዬ አለቀሰች፣ ሉባባ አንድ በአንድ ሰላም ስትለን አባዬ የለም። ስንፈልገው የግቢው በር ላይ ነው፤ በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጥቶታል፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቷል።

"አይሆንም" አለ። "አልፈቅድም። አትሄጂም።"

እማዬ ልቅሶዋን አቆመች። ሙሔ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ያን ቃል ከዚያ አፍ የሰማ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሉባባ ወደሱ ሄደች፤ የተዘረጉትን እጆቹን፣ መዳፉ ላይ ያለው መስመር በዘይት ጠቁሮ የቀረውን፣ አንድ በአንድ ከበሩ ላይ አወረደችና በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

"ያን ጊዜ እንድትለኝ ነበር የጠየቅኩህ፣ አባ" አለችው።

ከዚያ ጉልበቱን ሳመች። በሩን የከፈተው ራሱ አባዬ ነው።

አባዬ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ለቀብሩ የመጣውን ሰው የከሚሴ መንገድ አልበቃውም፤ በዚያች መኪና የተወለዱ ጎረምሶች፣ በዚያች መኪና የተዳሩ እናቶች ነበሩ ቃሬዛውን የተቀባበሉት፤ እንዲህ ያለ ሰው ልጅ መሆን ያኮራል፣ እኔም እኮራለሁ። ሉባባ በስልክ ነው ያለቀሰችው። ልጆቿ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰሙም፤ ከእማዬ ጋር ሲነጋገሩ በመካከል ሆና የምታስተረጉመው እሷ ናት። አንዳንዴ ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ። በዚያ አገር የአባቴ እሺ ያልደረሰው ሰው አልነበረም። ሉባባ የምትፈልገው አንድ አይሆንም ብቻ ነበር፣ እሱም የደረሳት ሻንጣዋ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ነው።